ክሩ ከተነካ በኋላ፦ የአንድ ክራር ድምፅን በኮምፒውተር መልሶ የመሥራት ጉዳይ ከሐዋሳ

ነገሩ የተጀመረው ሰርግ ላይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ የሚጫወት አንድ ትንሽ ባንድ አለ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ጓደኛዬ ነው። ክራሩን የሚጫወቱት ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ስልሳን አልፈዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ያማቸዋል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እንደ ድሯቸው ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ በየዘፈኑ መሃል እጃቸውን ሲያሹ ታያላችሁ።

ጋሼ ሲያርፉ ጓደኛዬ የኪቦርዱን «ክራር» ቶን ይከፍታል። ቶኑን ከሌላ ተጫዋች በፍላሽ የተቀበለው ነው። ሰው ይጨፍርበታል። አንድ ማታ ግን ጋሼ ከመድረክ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ክራር አይደለም። የክራር ፎቶ ነው» አሉኝ።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሲግናል ፕሮሰሲንግ (እንደ ድምፅ ያሉ ሞገዶችን በሒሳብ መተንተን) ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ነበር። በድምፅ ላይ ግን ሠርቼበት አላውቅም። ያቺ «ፎቶ» የምትል ቃል ለሳምንት ከጭንቅላቴ አልወጣችም። በመጨረሻ ለጓደኛዬ «የጋሼን ክራር እንሥራው» አልኩት። የማንም ክራር ሳይሆን የእሳቸውን። ጋሼን ፈቃድ ስንጠይቅ፣ «እጄ ሲደክም ክራሬ ካልደከመ ምን ከፋኝ?» አሉ።

እዚህ የምጽፈው ያደረግነውን በሙሉ ነው። የተሳሳትነውንም ጭምር፤ የተማርነው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ፎቶ የተባለው ለምንድን ነው?

ሳምፕል ማለት የተቀዳ ድምፅ ነው። አንድ ክር ተመትቶ ይቀዳል፤ ለሌሎቹ ቁልፎች ያው ቅጂ እየፈጠነ ወይም እየዘገየ ይነበባል። ጥሩ ሳምፕል ለየቁልፉ ለብቻው ይቀዳል። የጓደኛዬ ግን ከሁለት ቅጂ ብቻ የተዘረጋ ነበር።

አንድ ኦክታቭ ከፍ ለማለት፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በእጥፍ ለማቅጠን፣ ቅጂው በሁለት እጥፍ ፍጥነት መነበብ አለበት። 2 ሰከንድ የነበረው ድምፅ 1 ሰከንድ ይሆናል። ይሄ ራሱ አንድ ችግር ነው፤ ትልቁ ግን ሌላ ነው። ክራር ክር ብቻ አይደለም። ገበቴ አለው፣ ቆዳ አለው። ገበቴውና ቆዳው የትኛውም ክር ቢመታ ከቦታቸው የማይነቃነቁ የራሳቸው ድምፆች አሏቸው። ቅጂውን ስታፈጥኑት እነሱም አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። ለጆሮ፣ ገበቴው ራሱ ወደ ግማሽ ያነሰ ይመስላል። መጫወቻ መጫወቻ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ድምፁን ማፍጠን ሳይሆን መፍታት ነበረብን። ከምን ከምን እንደተሠራ አይቶ እንደገና መግጠም። ለዚህ ያለን ትልቁ መሣሪያ ፎሪየር ትራንስፎርም ነው።

ጆዜፍ ፎሪየር እ.ኤ.አ. በ1768 የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር በ1798 ግብፅ ሄዷል፤ አባይ የሚያልፍባት ካይሮ ተቀምጧል። ሐሳቡን ያመጣው ለሙዚቃ ብሎ አልነበረም። ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ሲያጠና ነው። ማንኛውም ውስብስብ ቅርጽ ከብዙ ቀላል የሳይን ሞገዶች (ወጥ ሆነው ከፍ ዝቅ የሚሉ ለስላሳ ሞገዶች) ድምር ሊሠራ ይችላል አለ። በ1807 ፓሪስ ላይ ሲያቀርበው ላግራንዥን የመሰሉ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። መጽሐፉ የወጣው በ1822 ነው።

ለክራር ሲሆን ነገሩ በጣት የሚዳሰስ ይሆናል። አንድ ክር ሲነካ በሙሉ ርዝመቱ ይርገበገባል። በዚያው ቅጽበት በግማሹም ይርገበገባል፣ በሲሶውም፣ በሩቡም። የጋሼ ወፍራሙ ክር በቀዳንበት ቀን 147 ኸርዝ ላይ ነበር፤ በሰከንድ 147 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ስለዚህ 147፣ 294፣ 441፣ 588 እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። ጆሮ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ፎሪየር ትራንስፎርም ግን እያንዳንዱን ለብቻ ከነመጠኑ ያሳያል። መጠናቸውን ካወቅን እያንዳንዱን በኮምፒውተር አመንጭቶ መደመር ነው። አሰራሩ በእንግሊዝኛው አዲቲቭ ሲንተሲስ ይባላል፤ ድምፅን በመደመር መሥራት ማለት ነው።

ስሌቱ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ በቅጽበት የሚያልቀው ኩሊና ቱኪ በ1965 ባሳተሙት ፈጣን ዘዴ ነው፤ ኤፍኤፍቲ የሚባለው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው በተከታታይ ነጥቦች ነው፤ 2,048 ነጥብ ያለው ድምፅ በቀጥታ ቢሰላ ወደ 4.2 ሚሊዮን ማባዛት ይጠይቃል። በኤፍኤፍቲ ግን ወደ 22 ሺህ ይወርዳል። ያለዚህ ዘዴ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ እስካሁን እየቆጠረ ነበር።

ቀረጻው

የቀዳነው እኔ ቤት ነው። መስኮቱን በሁለት ብርድ ልብስ ሸፈንነው። እንደዚያም ሆኖ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ማቆም ነበረብን። ጋሼ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማይኩን ከክራሩ ቆዳ ሁለት ስንዝር ያህል አራቅነው። ክሮቻቸው ናይለን ናቸው፤ ሁለቱን ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ያመጧቸው ናቸው። «የሐይቁ ክር ነው፤ አይበጠስም» ይላሉ።

አምስቱን ክር አንድ በአንድ፣ በሦስት ዓይነት ጉልበት መቱልን፤ ቀስ፣ መካከለኛ፣ ጠንከር። ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ማንም አይተነፍስም። ቅጂው በሰከንድ 44,100 ነጥብ ነበር፤ የሲዲ ልክ ማለት ነው። ይሄ እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ይይዛል። ለክራር ይተርፋል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሌላ ፎቶ

ከወፍራሙ ክር ቅጂ 32,768 ነጥብ ወሰድኩ። ወደ ሦስት ሩብ ሰከንድ ነው። በፓይተን ኤፍኤፍቲ ሠራሁለት። በስክሪኑ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ተደርድረው ወጡ፤ ሃርሞኒኮቹ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የእያንዳንዱን ቁመት ለክቼ ሠላሳ የሳይን ሞገድ በዚያው መጠን ደመርኩ። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ እንዲወርድ አደረግኩ። ሁሉንም እኩል።

የወጣው ድምፅ ኦርጋን ነው። መጨረሻው ደግሞ የሞባይል ጥሪ ይመስላል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፣ ድምፁ ግን ክራር አይደለም። ጓደኛዬ «ቅር ብሎኛል፣ ግን የሆነ ነገር አለው» አለ። ጋሼ ጋ ወሰድነው። የጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ፣ ሦስት ጊዜ ሰሙ፣ አወለቁት።

«አይሞትም» አሉ።

«እንዴት ጋሼ? ይጠፋል እኮ» አልኳቸው።

«ይጠፋል። አይሞትም። ክር ሲነካ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ማጉረምረም ይጀምራል። ከዚያ ነው የሚሞተው። ያንተ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፊት ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሥራው እምብርት ይሄ ነውና። ጋሼ ኤፍኤፍቲ አያውቁም፤ የተናገሩት ግን ልክ ነው። ክር ሲነካ ከፍ ከፍ ያሉት ሃርሞኒኮች ቶሎ ያልቃሉ። ዝቅ ያሉት ይቆያሉ። መሳቁ ከፍተኞቹ ናቸው፣ ማጉረምረሙ ዝቅተኞቹ ናቸው። እኔ ሦስት ሩብ ሰከንድ በአንድ ላይ ስተነትን ሳቁንም ማጉረምረሙንም አማካኝ አውጥቼ አንድ ላይ ቀላቀልኳቸው። እሳቸው የኪቦርዱን ቶን ፎቶ ብለው ነበር። እኔም ሌላ ፎቶ ነበር የሠራሁት።

መስኮቱን ማጥበብ፣ መስኮቱን ማስፋት

መፍትሔው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ድምፁን በአንድ ላይ መተንተን ትቶ በትንንሽ ቁራጭ መከፋፈል። እያንዳንዱ ቁራጭ መስኮት ይባላል። በየመስኮቱ ኤፍኤፍቲ ይሠራል፣ መስኮቱ ትንሽ ወደፊት ይገፋል፣ እንደገና ይሠራል። እንደ ፊልም ማለት ነው፤ ብዙ ፎቶ በተርታ።

ችግሩ የመስኮቱ ርዝመት ነው። አጭር መስኮት መቼ የሚለውን በደንብ ይነግራችኋል፣ የትኛው ድምፅ የሚለውን ግን ያደበዝዘዋል። ረጅም መስኮት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሁለቱን በአንዴ ማግኘት አይቻልም። የፕሮግራም ድክመት አይደለም፤ የሒሳቡ ተፈጥሮ ነው።

በቁጥር ልንገራችሁ። መጀመሪያ 1,024 ነጥብ ሞከርኩ። ይሄ 23 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለክር ምት ጥሩ ፍጥነት ነው። ግን በዚህ ርዝመት ኤፍኤፍቲው የሚለየው በ43 ኸርዝ ደረጃ ነው። መስኮቱ ጠርዙ ላይ እንዳይቆራረጥ ሃን በሚባለው ቅርጽ ስናለሰልሰው እያንዳንዱ ምሰሶ አራት ደረጃ ያህል ይሰፋል። 172 ኸርዝ መሆኑ ነው። የወፍራሙ ክር ሃርሞኒኮች ግን የሚራራቁት በ147 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ጎን ለጎን ተነካክተው አንድ ጉብታ ሆኑ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

16,384 ሞከርኩ። ምሰሶዎቹ እንደ መርፌ ቀጠኑ። ግን መስኮቱ 370 ሚሊሰከንድ ነው። ሳቁ እስከዚያ አልቋል።

ሁለት ማታ በዚህ መሃል ስመላለስ ቆየሁ። በመጨረሻ ለወፍራሙ ክር 2,048 ያዝኩ። 46 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ምሰሶው ወደ 86 ኸርዝ ይሰፋል፤ 147 ላይ ያሉት ሳይነካኩ ይቆማሉ። ለቀጫጭኖቹ ክሮች ሃርሞኒኮቹ ስለሚራራቁ 1,024 በቃ። መስኮቱን በየ256 ነጥቡ ገፋሁት፤ በየ6 ሚሊሰከንድ አካባቢ ማለት ነው። ትክክለኛውን ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ለማግኘት ደግሞ ከፍተኛውን ነጥብና ግራ ቀኙን ወስዶ በመሃላቸው ኩርባ ማሳለፍ አለ። ይሄ ከደረጃው በታች ያለውን ልዩነት ያወጣል።

አሁን እያንዳንዱ ሃርሞኒክ የራሱ የሕይወት ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቆያል። አሥረኛው ሩብ ሰከንድ ሳይሞላው የለም። አንድ ሌላ ያልጠበቅነው ነገርም ታየ። ጋሼ ጠንከር አድርገው ሲመቱ ክሩ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይነሳና ወደ ቦታው ይወርዳል። ክሩ በኃይል ሲለጠጥ ውጥረቱ ለቅጽበት ስለሚጨምር ነው። ለጆሮ እንደ ትንሽ እሽታ ይሰማል።

ይህን ሁሉ ይዘን ስንደምረው ኦርጋኑ ጠፋ። የሆነ ክር የሚመስል ነገር ቤቱ ውስጥ ተሰማ።

አራተኛውና ስምንተኛው የት ሄዱ?

ዳታውን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። የወፍራሙ ክር አራተኛ ሃርሞኒክ የለም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ጠንካራ ነው፣ አምስተኛውም አለ፣ አራተኛው ግን ጉድጓድ ነው። ስምንተኛውም እንዲሁ። መጀመሪያ ማይኩን ጠረጠርኩ። በስልክ ማይክ ቀዳሁ፤ ያው ነው።

ከዚያ የጋሼን እጅ ማየት ጀመርኩ። ሁልጊዜ ክሩን የሚነኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ለመንኩና ለካሁት። ክሩ ከድጋፉ እስከ ቀንበሩ 52 ሳንቲሜትር ነው። ጣታቸው የሚያርፈው ከድጋፉ 13 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ልክ ሩቡ።

ክር በአራት እኩል ክፍል ሲርገበገብ በሩቡ ላይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ አለው። እዚያ ነጥብ ላይ ከነካችሁት ያንን ሃርሞኒክ መቀስቀስ አትችሉም። አራተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ጸጥ ይላሉ። የጋሼ ክራር ለስለስ ብሎ፣ ትንሽ ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ አለው፤ ሁላችንም የምንለይበት ድምፅ ነው። ከፊሉ የተሠራው እዚያ 13 ሳንቲሜትር ላይ ነው።

ስነግራቸው ዝም ብለው ጣታቸውን አዩ። «አባቴ ነው እዚህ ንካ ያለኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ያንን ጉድጓድ ለማስተካከል ያለኝን ሐሳብ በሙሉ ተውኩት። እንዳለ ገባ።

በሰከንድ ሦስት ጊዜ

ሌላው የቆየንበት ችግር የድምፁ መጨረሻ ነበር። የሠራነው ወፍራም ክር ሊጠፋ ሲል ይንቀጠቀጣል። ዋው ዋው ዋው፤ በሰከንድ ሦስት ጊዜ። ጋሼ ክራሩን ከጎኑ አድርገው መቱት። የእሳቸው አይንቀጠቀጥም።

የስሌት ስህተት መስሎኝ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ምንም የለም። ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝ። ክሩ ከመነካቱ በፊት ያለውን ዝምታ ቆርጬ ኤፍኤፍቲ ሠራሁለት። ዝምታ ውስጥ ምሰሶ አለ! 50 ኸርዝ ላይ፣ 150 ላይ፣ 250 ላይ።

የመብራት ኃይሉ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ከላፕቶፑ ቻርጀር በኩል ሃርሞኒኮቹን ይዞ ወደ ማይኩ ገብቷል። ክሩ 147 ላይ ነው፣ የመብራቱ ሦስተኛ ሃርሞኒክ 150 ላይ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ልዩነታቸው 3 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ ሦስት ጊዜ መንቀጥቀጥ። ክሩ ጮክ ብሎ ሳለ መንቀጥቀጡ አይሰማም። ክሩ ሲደክም ግን የመብራቱ ድምፅ ይስተካከለዋል። 2,048 ነጥብ ያለው መስኮቴ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ እንደ አንድ የሚንቀጠቀጥ ሃርሞኒክ አድርጎ መዘገባቸው። እኔም በታማኝነት መልሼ ሠራሁት።

ቻርጀሩን ነቅሎ መቅዳት ነበር መፍትሔው። የእኔ ባትሪ ግን ያለ ቻርጀር አርባ ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ጋሼ ደግሞ ሳይቸኩሉ ነው የሚጫወቱት። ቀጠሮ ይዘን ለመቅዳት ስንዘጋጅ፣ ገና አንድ ክር ሳንቀዳ መብራት ጠፋ። መንደሩ በሙሉ ጸጥ አለ። የጎረቤት ፍሪጅ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። በስልክ መብራት ተቀምጠን አምስቱንም ክር በሠላሳ ደቂቃ ጨረስን። ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ የነበረው ዝምታ ከዚያ በፊት ካየሁት ሁሉ የጠራ ነበር። ዝምታውን ስተነትነው 150 ላይ ምንም አልነበረም። አሁን የምንጠቀመው የዚያን ማታ ቅጂ ነው።

የተረፈው

ሃርሞኒኮቹ ተስተካከሉ። ድምፁ ግን አሁንም ከጥጥ ውስጥ እንደወጣ ነበር። ጅማሬው ላይ የሚነካ ነገር ይጎድለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጥፍር ጭረት ሃርሞኒክ አይደለም። በሳይን ሞገድ ልትደምሩት ብትሞክሩ ሺህ ሞገድም አይበቃችሁም።

ለዚህ የተሠራ ዘዴ አለ። ዣቪየር ሴራ በስታንፎርድ የዶክትሬት ሥራው ላይ ያቀረበውና ከጁሊየስ ስሚዝ ጋር በ1990 ያሳተመው ነው። የሳይን ሞገዶቹ ድምር ከዋናው ቅጂ ላይ ይቀነሳል። የተረፈው ለብቻው እንደ ጫጫታ ይያዛል። ጫጫታውን ነጥብ በነጥብ መያዝ አያስፈልግም፤ የትኛው ክልል ላይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው መያዝ ይበቃል። እኛ ግን የመጀመሪያዎቹን 30 ሚሊሰከንዶች እንዳለ አስቀመጥናቸው። የጋሼ ጥፍር እዚያ ውስጥ ስላለ በግምት መተካት አልፈለግንም።

የተረፈውን ለብቻ ስንከፍተው ሁላችንም ዝም አልን። ክሩ የለም። የጥፍሩ ጭረት አለ፣ ከዚያ የቆዳው «ጥፍ» የምትል ድምፅ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የጋሼ ትንፋሽ። ሲመቱ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ክሩ ሲሞት ይለቁታል። ከቶኑ ውስጥ ቆርጠን አወጣነው። ፋይሉን ግን ለብቻው አስቀምጫለሁ።

ወደ ኪቦርዱ

ጋሼ ክሮቹን በጨርቅ አፍነው ቆዳውን በጣታቸው ጫፍ አንኳኩልን። ያንን ስንተነትን የገበቴውና የቆዳው የራሳቸው ጉብታዎች ወጡ። አዲስ ቁልፍ ሲነካ ሃርሞኒኮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጉብታዎቹ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። እያንዳንዱ ሃርሞኒክ በሄደበት ቦታ ያለውን ጉብታ መጠን ይወስዳል። አንድ ኦክታቭ ስትወጡ ገበቴው አያንስም። የመጫወቻው ችግር በዚህ ተፈታ።

ቅኝቱም ተስተካከለ። ጋሼ አንቺ ሆዬን ሲቃኙ አንዱ ክራቸው ከኪቦርዱ ቁልፍ ወደ 20 ሴንት ዝቅ ይላል፤ ሴንት የአንድ ግማሽ ድምፅ መቶኛ ናት። በሳይን ሞገድ ስንሠራ ድግግሞሹን የምንሰጠው እኛ ስለሆንን እሳቸው በቃኙበት አስገባነው። ጓደኛዬ አሁን ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ አራት ቁልፍ አለው፤ አራቱም የጋሼ ጆሮ ናቸው።

አንዳንድ ሰው «ለምን ይህን ያህል ድካም? የካርፕለስና የስትሮንግ ዘዴ አለ አይደል?» ብሎኛል። በ1983 የታተመ ነው፤ በጥቂት መስመር ኮድ የክር ድምፅ ያወጣል፣ ላፕቶፕም አያደክምም። በጣም የምወደው ዘዴ ነው። የሚሰጣችሁ ግን የሆነ ክር ነው። እኛ የፈለግነው 13 ሳንቲሜትር ላይ የተነካውን ነበር።

ድካሙ ግን እውነት ነው። አሥር ድምፅ በአንዴ፣ እያንዳንዱ አርባ ሃርሞኒክ፤ 400 ሞገድ ነው። በሰከንድ ከ17 ሚሊዮን በላይ ስሌት ይሆናል። ላፕቶፑ መንጠባጠብ ጀመረ። ሮዴና ዴፓል በ1992 ያቀረቡት መንገድ አዳነን፤ ሞገዶቹን አንድ በአንድ ከማመንጨት ምሰሶዎቹን ስፔክትረሙ (ምሰሶዎቹ የሚደረደሩበት ሥዕል) ላይ መትከልና በግልባጭ ኤፍኤፍቲ ሁሉንም በአንዴ ወደ ድምፅ መመለስ። የሄድንበትን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ከ22,050 በላይ የሚያልፉ ሃርሞኒኮችንም እዚያው ቆረጥናቸው፤ ካልተቆረጡ ታጥፈው ተመልሰው እንደ ፉጨት ይሰማሉ።

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው

የፈተንነው ባንዱ የሚለማመድበት ክፍል ውስጥ ነው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ክራራቸውን ለጓደኛዬ ሰጡት። እሱ አንድ ጊዜ ክራሩን፣ አንድ ጊዜ ኪቦርዱን ይነካል። አንድ ነጠላ ክር ሲሆን ጋሼ ተሳሳቱ። ደጋግመው ተሳሳቱ። አንዴ ኪቦርዱን «ይሄ የኔ ነው» ብለው፣ እውነተኛውን ደግሞ ተጠራጠሩት። ድርድር ሲጫወት፣ ክር በክር ማለት ነው፣ ለመለየት ብዙ ቆዩ።

ግርፍ ላይ ግን ወዲያው አወቁ። ገና ሁለተኛው ምት ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ክሮቹ አይተዋወቁም» አሉ።

ትክክል ናቸው። ግርፍ ላይ ቀኝ እጅ አምስቱንም ክር በአንዴ ይጠርጋል፤ ግራ እጅ ከኋላ የማይፈለጉትን ያፍናል። ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው 40 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል። ክሮቹ አንድ ቆዳ ላይ ስላረፉ አንዱ ሲመታ ሌላው ይነቃል፤ የታፈነውም ቢሆን «ጥፍ» ይላል። እኛ አምስት ክር ለየብቻ ቀድተን፣ ለየብቻ ተንትነን፣ በመጨረሻ ደመርናቸው። አንዱ ሌላውን ሰምቶ አያውቅም።

አሁን ባንዱ ቶኑን ለድርድር እየተጠቀመበት ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ጋሼ ይጫወታሉ፣ ሲደክማቸው ጓደኛዬ ይቀበላቸዋል፤ ግርፍ ሲመጣ ክራሩ እንደገና ይነሳል። እሑድ ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ እንደገና እንቀዳለን። ጋሼ እጃቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው ይመጣሉ። ባትሪው ሙሉ ይሆናል። መጀመሪያ የምንቀዳው ወፍራሙን ክር ነው፤ ሌሎቹ አራቱ በግራ እጃቸው ታፍነው።